የሄራን በር

በወይን አምባ ከተማ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተሰለፈ ሰው «እንዴት አደርክ» አይባባልም። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም ዓይኑን እያስገባ ነው። የዕለቱን አምስት ዓይን ያላስገባ ሰው አውቶቡሱ ሲመጣ በሩ አይከፈትለትም። ስለዚህ አንገቱን ይደፋና ስልኩን ይነካካል። አንዱ የብረት ጥቅል ያያል፣ አንዱ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ፣ አንዷ የጣሪያ ክዳን። አይተው ሲያበቁ «አይቻለሁ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫናሉ። አይተው አልኩ እንጂ፣ ሆድ ይፍጀው።

ነገሩ የመጣው በሆስፒታሉ ነው። የከተማው ሆስፒታል የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላልቅ አለ። ተቋራጩ አማካሪውን ሲከስ፣ አማካሪው ኮሚቴውን ሲከስ፣ የእምዬን ወደ አብዬ ሲባባሉ ወጪው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ሕንጻው ግን የርግብ መኖሪያ ሆኖ ቀረ። ኮሚቴውን የሚቆጣጠር ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። እሱንም የሚቆጣጠር ተጨመረ። ሕዝቡ መሮት ጮኸ፣ በመጨረሻም የሕዝብ ዓይን አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ የት የት ላይ መቆጠብ እንደሚቻል የሚያስበው ቆጣቢው የሚሉት ማሽን ነው፤ ቆጣቢው ያሰበውን አይቶ የሚያጸድቀው ደግሞ ራሱ ሕዝቡ።

መጀመሪያ አንዱን ነገር ለሺህ ሰው ይልኩት ነበር። ሺሁም ሰው «መቼም ሌላው ያየዋል» እያለ ሳያይ ተጫነ። ስለዚህ አዋጁ ተሻሻለ። አንድ ነገር በዕጣ ለአንድ ሰው ብቻ ይደርሳል፤ ያ ሰው ካጸደቀው ስሙ በትንሽ የናስ ሰሌዳ ተቀርጾ እዚያው ነገሩ ላይ ይለጠፋል። የተጠራጠረ ሰው «ይቆየኝ» የሚለውን ተጭኖ በሦስት ቀን ውስጥ ግንባታው ድረስ ይሄዳል፣ በእጁ ዳስሶ፣ ለክቶ ይወስናል። ሆስፒታሉ በዚህ ዘዴ በሁለት ዓመት አለቀ። እንዲያውም ከበጀቱ ተረፈ ተብሎ ሰንጋ ታረደ። አሁን ዓይን የሚገባው ለውሃ ግድቡ ነው።

ወይዘሮ ሄራን ይመር የታችኛው ሰፈር እድር ሊቀመንበር ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት። ሄራን፣ ኤልዳና፣ ሶልያና ዛሬ የባልቴት ስሞች ናቸው፤ ድሮ ሲወጡ ፋሽን ነበሩ ይባላል። አሁን አንድ ሰው ልጁን ሄራን ቢል «ምነው፣ ሌላ ስም አጣህ? የአያት ስም አሸከምካት» ተብሎ ይሳቅበታል። ሄራን በሰፈሯ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን ሳይዘገይ እንዲተከል ታደርጋለች። ሁለተኛ፣ ሳያይ የሚጫን ሰው አትወድም። ባለፈው ዓመት አቶ ባስልኤል የሚባሉ ጎረቤት ጢማቸውን እየተላጩ አርባ ዓይን ሳያዩ ማስገባታቸው ተደርሶበት፣ በእድሩ ስብሰባ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ እንዲጠይቁ ያስደረገችው እሷ ናት። ሳያይ ያየ ሰው እድሩ ውስጥ ሥልጣን እንዳይዝ የሚለውን ደንብ ያጻፈችውም እሷ ናት። አዋጁ ደግሞ ዓይናቸውን ለአንድ ዓመት አገደባቸው። ዓይን የታገደበት ሰው አውቶቡስ አይሳፈርም። ወይን አምባ ዳገት ነው፤ በዚያ ዳገት በእግሩ የሚሄድ ሰው ከታየ፣ ምን እንዳደረገ ልጅ አዋቂው ያውቃል።

ያን ዕለት ሄራን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከወይዘሮ ኤልዳና ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች። ኤልዳና የእድሩ ገንዘብ ያዥና የልጅነት ጓደኛዋ ናት። የሚሄዱት ሆስፒታል የተኙትን ጋሽ ሰይድን ሊጠይቁ ነው። ሁለቱም በሳህን ምግብ ቋጥረዋል። መንገድ ላይ ሄራን አቶ ባስልኤልን በመስኮት አየቻቸው፤ ዳገቱን እያለከለኩ፣ ኮታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ይወጣሉ። ሄራን ፊቷን አዞረች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነዘረ። ምን እንደሚል ሳታነበው ታውቀዋለች፤ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲያስጠነቅቃት ከርሟል፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። «ምስክርነትዎን ማንሳት የሚችሉት ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሮቹ ለሃያ አምስት ዓመት አይነኩም።»

በሮቹ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሁሉንም ልንገራችሁ።

የዛሬ ዓመት ተኩል የጋሽ ሰይድ ባለቤት ወይዘሮ ረቂያ ዐረፉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ሄራን እንደ ወጉ ፊት ተቀመጠች። ጋሽ ሰይድ አጠገቧ መጥተው ቁጭ አሉ። አርባ ዓመት አብራቸው ስለኖረችው ሚስታቸው ያወሯት ጀመር፤ ማታ ማታ መነጽራቸውን የምትፈልግላቸው እሷ እንደነበረች፣ አሁን መነጽራቸው የት እንዳለ እንደማያውቁ። በዚህ መሐል የሄራን ስልክ ነዘረ። የዕለቱ አምስተኛ ዓይን ነበር፤ ሰዓቱ ሊያልፍ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እያወራት ስልክ አውጥታ ልታነብ? ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ያውም ሊቀመንበሯ? ሰው ምን ይላል? እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገባች፣ ዓይኗን ከጋሽ ሰይድ ፊት ሳታነሳ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ነገሩ አለቀ። ነውር እንዳይሆንባት ብላ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረባትም።

ማታ ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ፎቶግራፍ አየች። ነጭ የለበሰች ነርስ በሚያምር በር እየሳቀች ታልፋለች። ከሥሩ የተጻፈው፣ የሕሙማን ክፍሎች በር ስፋት ከመቶ ሠላሳ ሴንቲሜትር ወደ ዘጠና ዝቅ ብሎ ወጪ እንደሚቀነስ ይናገራል። ሄራን በሩን ደግማ አየችው። በር ነው፤ ሰው ያልፍበታል፤ ምን ይሆናል ብላ ተኛች።

ሆስፒታሉ በተከፈተ ዕለት የመጀመሪያው በሽተኛ ከነአልጋው ሲገፋ በሩ ላይ ቆመ። የአልጋው ስፋት መቶ አምስት ሴንቲሜትር ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በር፣ ሁሉም ዘጠና። ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፉ። ሕዝብ ያየውን ማንም ባለሥልጣን አይቀለብስም የሚል መልስ መጣላቸው፤ ያየው ሰው ራሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ «አላየሁም» ካላለ በቀር። እስከዚያው በሽተኛን በብርድ ልብስ ተሸክመው የሚያሳልፉ ሰዎች ተቀጠሩ። ቢሮው ይህንንም በሪፖርቱ የሥራ ዕድል ፈጠራ ብሎ አስገባው። ምን ይደረግ።

ሄራን ሃያ ዘጠኙን ቀን ሆስፒታሉ ደጃፍ አልደረሰችም። አንድ ጊዜ ጉንፋን፣ አንድ ጊዜ የእህት ልጅ ሰርግ እያለች። ዛሬ ግን ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ሊቀመንበር ሆኖ የእድርተኛን ሕመም አለመጠየቅ አይሆንም።

ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ኮሪደሩ ላይ አራት ጎልማሶች አንዲት ሴት በብርድ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። ከፊት ያለው ጥላሁን የሚባል አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ረጋ ብሎ፣ የዕቃ ጫኝ ዜማ በሚመስል ድምፅ ጠራ።

«የሄራን በር ነው። ቀኝ ዝቅ፣ ግራ ጠበቅ።»

ንዴት እንኳ የለበትም። ለእሱ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳለው እግዜር ይወቀው። ብርድ ልብሱ እንደ ከረጢት ታጠፈ፣ ሴትየዋ አቃሰተች፣ አለፉ። ከኋላ የምትከተል የበሽተኛዋ ልጅ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ በመዳፏ መታ አድርጋ «እጅሽን ይቁረጠው» አለች። ሰሌዳው ላይ «ያየችው፦ ሄራን ይመር» ይላል። ሄራን ሳህኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ። ከአንድ ሰሌዳ ዓይኗን ስታነሳ ሌላው ይጠብቃታል፤ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ በስሟ ተሞልቷል።

ኤልዳና ሰሌዳውን አይታ፣ ሄራንን አይታ፣ ቶሎ ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ስሙ መቼም ብዙ ሰው እንዳለው፣ በእነሱ ቀበሌ ብቻ ስድስት ሄራን እንደምታውቅ፣ ይመርም ቢሆን በየሰፈሩ የሞላ ስም እንደሆነ ማውራት ጀመረች። ያን ጊዜ ለሄራን ገባት፤ ኤልዳና ታውቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። ሊሸፋፍኑላት ነው እንጂ። የገዛ ሰው ሲሸፍንልህ ከሚሰማህ ኀፍረት፣ ጠላት ሲያጋልጥህ የሚሰማህ ይሻላል።

ጋሽ ሰይድ በጀርባቸው ተኝተዋል። መስጊድ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው። ቀዶ ጥገናው ሠምሮ ነበር፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲመለሱ ግን ይኸው በር ላይ ብርድ ልብሱ አዳልጦ ስፌቱ ተተረተረ። ቁስሉ አመርቅዟል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰው ገብተው ይሰፋላቸዋል፤ ያ ማለት ሁለት ጊዜ፣ ወጥተው ሲገቡ፣ በዚያው በር ያልፋሉ ማለት ነው። ነርሷ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ዳግም ቢተረተር እፈራላቸዋለሁ አለች።

ጋሽ ሰይድ እንደ ሁልጊዜው መረቁ። እድሩን መረቁ፣ ምግቡን መረቁ፣ የመጡበትን እግር መረቁ። ኤልዳና ይህን በር ያሳለፈ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ብላ ጀመረችና፣ የተናገረችው ገብቷት ምላሷን ነከሰች።

«ተይ» አሏት ጋሽ ሰይድ። «ሰው ናት፤ የሆነ ነገር ቢይዛት ነው። አትርገሟት።»

ይህን ሲሉ ሄራንን አላዩም። ወደ መስኮቱ ነው ያዩት። ይህ አለማየታቸው ነው ሄራንን የገደላት። ያን ቀን ለቅሶ ላይ ከአጠገቧ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ነጠላዋ ሲንቀሳቀስ አይተዋል። ስለ ሚስታቸውና ስለ መነጽራቸው እያወሩ፣ አውራ ጣቷን አይተዋል። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ስፌታቸው በስሟ ሥር እየተተረተረ፣ አሁንም ይሸፍኑላታል።

ተሸካሚዎቹ ሊወስዷቸው ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይጎድል ነበር። ጥላሁን ብርድ ልብሱን ከሥራቸው አስገባ፣ አራቱም ጫፍ ጫፉን ያዙ፣ ጋሽ ሰይድ ተነሡ። ሄራን ቀድማቸው ሄደችና በሩ ላይ ቆመች። ሰዎቹ እንድታሳልፋቸው ጠበቁ፤ አልተንቀሳቀሰችም። ባርኔጣቸውን ያወለቁት አቶ ባስልኤል፣ ዳገቱ፣ የእድሩ ማኅተም፣ የልጆቿ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። መዳፏን ሰሌዳው ላይ አደረገች፤ ሕጉ እንዲያ ነው የሚለው፣ በነገሩ ላይ እጅን አኑሮ፣ በሦስት ሰው ፊት።

«እኔ ሄራን ይመር ነኝ» አለች። «ይቺ ሄራን እኔ ነኝ። አላየሁም።»

ስልኳ ወዲያው ለሁሉም በሚሰማ የሴት ድምፅ፣ በተጫኑበት ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር ብሎ ጠየቀ። ሄራን ይህ እንደሚመጣ አላወቀችም ነበር። ዞር ብላ ጋሽ ሰይድን አየች፤ በብርድ ልብሱ ውስጥ ተንጠልጥለው፣ ጢማቸው ወደ ላይ ሆኖ ያዩአታል።

«ለቅሶ ቤት ነበርኩ» አለች። «እሳቸው ስለ ሟች ሚስታቸው እያወሩኝ ነበር። ስልክ ባወጣ ነውር ይሆንብኛል ብዬ፣ ነጠላዬ ሥር ሳላይ ተጫንኩ። ማታ ካየሁት በኋላም ዝም አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ቀንም ዝም አልኩ።»

ተሸካሚዎቹ መሬት መሬት አዩ። ኤልዳና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«አይቼሽ ነበር እኮ ልጄ» አሉ ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው። «ለማን እነግርብሻለሁ ብለሽ ነው?»

ይህን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ስልኳ ምስክርነቷ መነሳቱን፣ ዓይኗ ለአንድ ዓመት መታገዱን ነገራት። የማስተካከያው ሐሳብ በቦታው ካሉት ምስክሮች ለአንዱ በዕጣ ተልኳል አለና ዝም አለ።

የኤልዳና ስልክ ነዘረ። በሽተኛ ተንጠልጥሎ፣ ጓደኛዋ እያለቀሰች፣ ስልክ አውጥታ ልታይ? ኤልዳና በግራ እጇ እንባዋን እየጠረገች ቀኟን ከነጠላዋ ሥር አስገባች። ሄራን በእንባዋ መሐል ነጠላው ትንሽ ከፍ ሲል አየች። ያንን እንቅስቃሴ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ተስፈንጥራ የኤልዳናን አንጓ ያዘች።

«አውጪው» አለቻት። «አውጪና እዪው።»

«እዚህ? ሰው ታሞ እያለ?»

«እዚሁ።»

ኤልዳና ስልኩን አወጣች። መነጽሯን ፈለገች፤ ቦርሳዋ ውስጥ አልነበረም፣ አንገቷ ላይ ነበር። ከዚያ ጮክ ብላ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል አነበበች። ቆጣቢው በሮቹን ማስፋት ብዙ ወጪ እንዳለው አስቧል። በእሱ ሐሳብ በሮቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ለየክፍሉ ሁለት ሁለት ጠንካራ ብርድ ልብስ ይገዛል። ቅሬታ እንዲቀንስም ስም ያለባቸው ሰሌዳዎች በሙሉ ይነሳሉ።

ኤልዳና ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያለው ርኅራኄ ነው። «ስምሽ ሊነሳልሽ ነው እኮ፣ ሄሪ» አለች በሹክሹክታ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሄራን ለአፍታ ልቧ ከጅሎ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰሌዳ። ነገ ጠዋት አንዱም አይኖርም። ዓመት ሲያልፍ ሰው ይረሳል። ኤልዳና ደግሞ ምንም ሳትላት ብትጫንላት ለዘላለም አትናገርባትም፤ ጓደኝነት ማለት ለእነሱ ይህ ነው። ከጥላሁን ክንድ ላይ ላብ ወደ ብርድ ልብሱ ሲንጠባጠብ አየች። ሰውየው ጋሽ ሰይድን ይዞ ከቆመ ቆይቷል፤ አውርዱ ያለው ግን የለም።

«ይቆየኝ በይ» አለቻት። «ነገ መጥተሽ በሩንም አልጋውንም በእጅሽ ትለኪያለሽ። አብሬሽ እመጣለሁ፤ በእግሬ።»

ኤልዳና «ይቆየኝ» የሚለውን ተጫነች። በሰው ሁሉ ፊት ነው የተጫነችው። ከሦስት ቀን በኋላ ምን ይወሰን ይሆን? በሮቹ ይሰፋሉ አይሰፉም? ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። በሩ ግን ለዛሬ ዘጠና ነው፤ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መግባት አለባቸው።

ሄራን ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችና ከኋላ የነበረውን አንዱን ተሸካሚ ልቀቅልኝ ብላ ጫፉን ተቀበለችው። የጋሽ ሰይድ ክብደት እንደ መልካቸው አይደለም፤ ክንዷ ወዲያው ዛለ። ወደ በሩ ተጠጉ። እንደ ልማዱ ጥላሁን መጥራት ነበረበት። አፉን ከፈተ፣ ሄራንን አየና መልሶ ዘጋው። ሌሎቹም ዝም አሉ፤ ሴትዮዋ እዚሁ አብራቸው ተሸክማለች፣ ስሟን እንዴት ብለው ይጠሩታል? ማንም ሳይጠራ፣ ቀኙ ዝቅ ሳይል ግራው ሳይጠብቅ፣ ብርድ ልብሱ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ጀመረ። ጋሽ ሰይድ ዳሌያቸውን ያዙ።

ስለዚህ ራሷ ጠራችው።

«የሄራን በር ነው» አለች። «ቀኝ ዝቅ፣ ግራ ጠበቅ። ቀስ በሉ።»